ዩኒስ ፉት፦ የአየርን ሙቀት በብርጭቆ ቱቦ የመረመረችው ሴት

እአአ መጋቢት 2024፣ ከጁባ በስተምዕራብ የተገተረው የጀበል ኩጁር ዐለት በፀሐይ በጋለበት ሰሞን፣ ደቡብ ሱዳን ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይችላል በሚል ትምህርት ቤቶቿን ዘጋች። ዛሬ ለዓለም መሞቅ ዋነኛ ተጠያቂ የሆነውን ጋዝ አንዲት አሜሪካዊት የመረመረችው ከዚያ 168 ዓመት ቀድሞ ነበር።

ዩኒስ ኒውተን ፉት በ1819 ኮኔቲከት ውስጥ ተወለደች። በ1848 በሴኔካ ፎልስ የሴቶችን መብት የጠየቀውን መግለጫ ከፈረሙት አንዷም ናት።

መሣሪያዎቿ የአየር ፓምፕ፣ አራት ቴርሞሜትሮችና ሁለት የብርጭቆ ቱቦዎች ብቻ ነበሩ። ፀሐይ ላይ ስታኖራቸው ተራ አየር የያዘው 41 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላው 52 ገደማ ደረሰ፤ ከፀሐይ ከተነሳ በኋላም እጅግ ዘግይቶ ቀዘቀዘ። ከዚህ ተነስታ፣ በጥንት ዘመን ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ በዝቶ ከነበረ ምድር የግድ ትሞቅ እንደነበር ጻፈች።

ነሐሴ 1856 በአልባኒ በተካሄደው የሳይንቲስቶች ጉባኤ ጽሑፏን ያነበበው ጆሴፍ ሄንሪ እንጂ እሷ አልነበረችም። እርግጥ ነው፣ ቱቦዎቿ የፀሐይን ጨረር ምድር መልሳ ከምትለቀው ሙቀት መለየት አይችሉም ነበር። ይህን በ1859 የለየው አየርላንዳዊው ጆን ቲንዳል ነው፤ ዝናውም ለእሱ ሆነ።

ፉት በ1888 አረፈች። ሥራዋን በ2011 ከተረሳበት ያወጣው ሬይ ሶረንሰን፣ ጡረታ የወጣ የነዳጅ ዘይት ጂኦሎጂስት ነበር።