የልጅ ዓለማየሁ ታሪክ

ልጆች ሆይ፤ ከጐንደር ተነሥቶ ወደ ስሜን የሚሄድ መንገደኛ ወገራን ሲያቋርጥ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ያልፋል፤ ከዚያም ዳባትንና ደባርቅን አልፎ ወደ ትልቁ ተራራ ይወጣል። አገሩ ገብስ የሚበቅልበት፥ ብርዱም የሚያይልበት ደጋ ነው። ታሪኩን የምንነግራችሁ ልጅ በእናቱ በኩል ከዚያ ከስሜን ቤት የተወለደ ነበረ። ነገር ግን የተማረውም የሞተውም በሩቅ አገር ነው፤ ስሙም ዓለማየሁ ይባል ነበር።

የእናቱ አባት ደጃዝማች ውቤ ስሜንንና ትግሬን ይገዙ ነበር። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ከቋራው ካሣ ጋራ ተዋግተው ድል ሆኑና ታሰሩ። ካሣም፥ ውቤ ራሳቸው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ደፍተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ንጉሡ የእስረኛቸውን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ፤ እቴጌ ጥሩወርቅም በ1853 ዓ.ም. ዓለማየሁን ወለዱ። እንግዲህ ሕፃኑ የአሸናፊው ልጅ፥ የተሸናፊውም የልጅ ልጅ ነበረ። እንዲህ ባለ ቤት ማደግ ለልጅ ቀላል ነገር አይደለም።

ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሲሆነው የእንግሊዝ ጦር መጣ። አጼ ቴዎድሮስ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎችን የውጭ አገር ሰዎች አስረው ስለ ነበር፥ ጄኔራል ናፒየር ብዙ ሠራዊት ይዞ ከባሕር ጠረፍ እስከ መቅደላ ወጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘ፤ ንጉሡም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። እቴጌይቱ ልጃቸውን ይዘው ከጦሩ ጋራ ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ፤ ነገር ግን አስቀድሞ ታመው ነበርና በመንገድ ላይ አረፉ፥ ትግሬ ውስጥ በጨለቆትም ተቀበሩ። ልጁ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ አባቱንም እናቱንም አጣ።

ከዚያ ወዲያ ጠባቂው ካፒቴን ስፒዲ የሚባል መኰንን ሆነ። ይህ ሰው ቁመቱ እጅግ ረጅም፥ ጢሙም ቀይ ነበረ። ቀድሞ በአጼ ቴዎድሮስ ቤት ኖሮ አማርኛ ያውቅ ስለ ነበር የአገራችን ሰዎች ባሻ ፈለቀ ይሉት ነበር። ዓለማየሁ በመርከብም በእንግሊዝ አገርም ሳለ ሌሊት ሌሊት ይፈራ ነበር፤ ብቻውንም መተኛት አይሆንለትም ነበር። ስፒዲም አልገሠጸውም፥ በአጠገቡ አስተኛው እንጂ። ይህን ነገር ልብ በሉት። መቅደላን በዓይኑ ያየ ሕፃን በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ፊደልና ቍጥር አይደለም፤ ከእንቅልፉ ሲባንን በሚያውቀው ቋንቋ የሚያናግረው ሰው ነው። ስፒዲ ይህን ከማን እንደ ተማረው እንጃ፤ ወታደር እንጂ መምህር አልነበረም።

ንግሥት ቪክቶሪያ በዚያው ዓመት በክረምት ልጁን አስጠርተው አዩት፥ አዘኑለትም። ስለ እርሱም እስከ መጨረሻው ድረስ መጠየቅን አልተዉም። በሚቀጥለው ዓመት ስፒዲ ሚስት አግብቶ ነበርና ሦስቱ ወደ ህንድ ሄዱ። በዚያ ልጁ ፈረስ እየጋለበ ትምህርትም እየጀመረ እንደ ቤተ ሰብ ኖረ። በኋላ ስፒዲ ወደ ፔናንግ ወደሚባል ሌላ ሩቅ አገር ተሾመ። ያን ጊዜ የልጁን ቀለብ የሚከፍሉት የእንግሊዝ መንግሥት ሹማምንት መከሩ፤ ልጁ ከሰው ወደ ሰው ሳይዞር በእንግሊዝ አገር ከትልቅ ትምህርት ቤት ይግባ አሉ። ንግሥቲቱ ከስፒዲ መለየቱን አልወደዱም ነበር፤ ነገር ግን የሹማምንቱ ምክር ጸና።

እነዚህ ሹማምንት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ትምህርት ቤቱም የታወቀ ነበረ፤ ገንዘቡም አልጎደለም። ነገር ግን በመዝገባቸው ላይ የምግብና የልብስ፥ የመጽሐፍም ዋጋ ተጽፎ ሳለ፥ ይህ ልጅ ከአባቱና ከእናቱ ቀጥሎ አሁን ሦስተኛውን ሰው ማጣቱ ነው የሚል አልተጻፈበትም።

በ1864 ዓ.ም. ገደማ ዓለማየሁ በቸልተናም ትምህርት ቤት ገባ። የትምህርት ቤቱ አለቃ ጄክስ ብሌክ ደግ ሰው ነበረና ልጁን ከቤተ ሰቡ ጋራ በቤቱ አኖረው። በ1866 ዓ.ም. አለቃው ራግቢ ወደሚባለው ትልቅ ትምህርት ቤት ሲዛወር ዓለማየሁንም ይዞት ሄደ። በዚህ ነገር መምህሩ ሊመሰገን ይገባል፤ ልጁን እንደ ዕቃ ለሌላ አላስተላለፈውምና። ዓለማየሁ በኳስ ጨዋታና በሩጫ ከጓደኞቹ ጋራ ደስ ይለው ነበር። ከመጽሐፍ ፊት ሲቀመጥ ግን ወደ ኋላ ይቀር ነበር፤ መምህራኑም በዚህ ያዝኑ ነበር። በሄደበት ሁሉ ሰው ይመለከተው ነበር፤ አንዱ የንጉሥ ልጅ ነው ብሎ፥ ሌላውም መልኩ ከእኛ ልዩ ነው ብሎ። በአማርኛ የሚያናግረው አልነበረምና እያደር የእናቱን ቋንቋ ረሳ።

እዚህ ላይ እናንተ የምታውቁትን የአገራችንን ተማሪ አስቡ። የወገራ ልጅ ለዜማና ለቅኔ ከቤቱ ሲወጣ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ ነው። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ይለምናል፤ ውሻ ይነክሰዋል፥ ይርበዋል፥ ይበርደዋልም። ዓለማየሁ ከዚህ አንዱ እንኳ አልደረሰበትም። ነገር ግን የቆሎ ተማሪ ማታ ወደ ጎጆው ሲመለስ ጓደኞቹ አብረውት አሉ፤ የለመኑትን ቍራሽ በአንድነት ይበላሉ፤ ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የታመመ ቢኖር ድርሻውን ያመጡለታል። በአገሩ ቋንቋ ይቀልዳል፥ ይጣላል፥ ይታረቃልም። ትምህርቱ ቢከብደው፥ እናቱ ያለችበትን ተራራ በዓይኑ ባያይ እንኳ በየት በኩል እንዳለ ያውቃል። የንጉሡ ልጅ ግን አልጋ ላይ ተኝቶ ጠግቦም አድሮ ይህን አላገኘም። ማንኛውን ትመርጣላችሁ ተብላችሁ ብትጠየቁ ፈጥናችሁ አትመልሱ፤ ራብም ክፉ ነውና።

በአገር ቤትም የተረሳ አልነበረም። የእቴጌ ጥሩወርቅ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ በሕይወት ነበሩና ስለ ልጅ ልጃቸው ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ይልኩ ነበር። ደብዳቤ በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ ደጋ እስከ ባሕር በእግር፥ ከባሕርም በመርከብ የሚሄድ ነው። ልጁ ግን ወደ አያቱ አገር አልተመለሰም።

ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል ሲሆነው ሳንድኸርስት ወደሚባለው የመኰንኖች ትምህርት ቤት አስገቡት። የንጉሥና የጦረኛ ልጅ ነውና ወታደርነት ይስማማዋል ብለው አስበው ይሆናል። አልተስማማውም፤ በዚያ ደስታ አጣ፥ ብዙም ሳይቈይ ተወው። ከዚያ በኋላ ሊድስ በሚባል ከተማ ወደሚኖር፥ ቀድሞ ወደሚያውቀው አስተማሪ ወደ ሲሪል ራንሰም ቤት ሄደ። አባቱን የሚያህል ርስት የነበረው ልጅ፥ በዚያ ጊዜ ወደ ዘመድ እንደሚሮጥ ሰው የሄደው ወደ አንድ መምህር ደጅ ነው።

በዚያ በመጸው ወራት ብርድ መታው፤ ሕመሙም ወደ ሳንባው ገባ። ሐኪሞች ቢመጡለትም በሕመሙ ጽናት ጊዜ መርዝ አብልተውኛል ብሎ ጠርጥሮ ምግብና መድኃኒት እንቢ አለ። ልጆች ሆይ፤ በዙሪያው ያሉት የሚረዱት ሰዎች ነበሩ፤ የልጁ ልብ ግን ማንን እንደሚያምን አላወቀም። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ። ንግሥት ቪክቶሪያም እጅግ አዘኑ፤ በዊንድሶር ቤተ መንግሥት ባለው ቤተ ክርስቲያን እንዲቀበር አዘዙ። ያም ቤተ ክርስቲያን እንደ እናንተ አምባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የሚጠራ ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1999 ዓ.ም.፥ የኢትዮጵያ መንግሥት ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠየቀ። ጥያቄው ሲደጋገም ኖሮ በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፥ በዚያ መቃብር ያሉትን የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳይነኩ እርሱን ብቻ ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ግን የዓለማየሁ ጥቂት ጠጕር ለኢትዮጵያ ተሰጠ። ጠጕሩ ይህን ያህል ዘመን ተጠብቆ የቈየው በካፒቴን ስፒዲ ዘመዶች ዘንድ ነበር።