ነገር ሠሪ ያሳሰረው የሐይቅ ተማሪ

የሐይቅ ልጅ ሆኖ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫን ስም ያልሰማ የለም። እኔ ግን ከድርሰቶቹ ይልቅ ስለ እስራቱ ልጽፍ ወደድሁ፤ ምክንያቴን ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

ጊዮርጊስ በ14ኛው መቶ ዓመት ሰግላ በሚባል አገር ተወለደ። አባቱ ሕዝበ ጽዮን የቤተ መንግሥት ካህን ነበረ፤ ልጁንም ለትምህርት ወደኛው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሰደደው። እንደሚነገረው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ትምህርቱ አልገባ ብሎት ጓደኞቹ ይስቁበት፣ እርሱም ለገዳሙ እህል ይፈጭ ነበር። (በሒሳብ ለምንቸገር ሁሉ ይህ መጽናኛ ነው።) በኋላ ግን ሰዓታትንና አርጋኖንን የደረሰ ታላቅ ሊቅ ሆነ።

ዝናውም ከዐፄ ዳዊት ግቢ አደረሰው። በዚያ ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር በሃይማኖት ነገር ተከራክሮ ረታው። የተረታ ሰው መልስ ሲያጣ ወደ ክስ ይሄዳል፤ ገድሉ እንደሚተርከውም ሊቁ በነገር ሠሪዎች ምክንያት ከንጉሡ ተጣልቶ ታሰረ። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ የሚባልበት ዘመን ስለ ነበረ ይግባኝ የሚባልበት ስፍራ አልነበረም።

በአደባባይ የሚከራከረውን አንደበትና በጓዳ የሚያማውን መለየት ለዛሬ ሕግም ከባድ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት ሰጥቶ፣ የሰው ክብርና መልካም ስም እንዲጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይናገራል። የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ስም ማጥፋትን ወንጀል አድርጎ ደነገገ፤ ሐሰት መሆኑን እያወቀ የሚያወራውንም አክብዶ ይቀጣል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ግን በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸመውን ስም ማጥፋት ከወንጀልነት አውጥቶ ለፍትሐ ብሔር ተጠያቂነት ተወው። እኔ ይህን እደግፋለሁ፤ ለስም አጥፊ በተከፈተ ወህኒ እንደ ጊዮርጊስ ያለውም ይገባበታልና።

አባቴ ግን አይስማማም፤ የጠፋ ስም በብር አይመለስም ይላል። ይህን ሲል ዓይኑን ማየት አቃተኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛችን ገንዘብ ሰረቀ ተብሎ ሲወራ እኔም ለሦስት ሰው ነግሬአለሁ። ገንዘቡ ከባለቤቱ ደብተር ውስጥ ተገኘ፤ ጓደኛችን ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብቻውን ተቀመጠ። ስለ እስራቱ መጻፍ የወደድሁት ስለዚህ ነው።

ጊዮርጊስ ከእስር ወጥቶ ከዓመታት በኋላ፣ በ1416 ዓ.ም. ገደማ፣ መጽሐፈ ምሥጢርን ጻፈ። ተሳስተዋል ላላቸው ሁሉ በዚያ መጽሐፍ መልስ ሰጠ፤ ማንንም ግን አላሳሰረም።