የደጃዝማች ኩምሳ ግቢና የወርቅ አጣቢው ገበታ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ነቀምት የገባ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳዩት አንድ የቆየ ግቢ አለ፤ ይኸውም የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ግቢ ነው። ብዙዎቻችን ስማቸውን በታሪክ ትምህርት ጊዜ ከአባ ጅፋር ስም ጋራ አንድ ጊዜ ሰምተን አልፈነዋል። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዚያ የበለጠ አላውቅም ነበር።

ኩምሳ የሌቃ ነቀምት ገዥ የነበሩት የሞረዳ በከሬ ልጅ ናቸው። አያታቸው በከሬ ጎዳና ጎረቤቶቻቸውን በጦርም በዘዴም አስገብረው አገዛዙን መሠረቱ። ለአባታቸው የደረሰባቸው ግን ከዚያ የከበደ ምርጫ ነበር። ጎጃምና ሸዋ ከዓባይ ማዶ ላለው ሀብት ሲፎካከሩ፣ ሞረዳ በፊት ወደ ጎጃም ቢያዘነብሉም፣ ንጉሥ ምኒልክ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ባደረጉበት ዘመን ከራስ ጎበና ዳጬ ጋራ ተስማምተው ለሸዋ ገበሩ። በዚህም አገራቸው ከጥፋት ዳነ።

ሞረዳ በ1881 ዓ.ም. ገደማ ሲሞቱ ኩምሳ ተተኩ። ክርስትና ተነሥተው ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ፤ የደጃዝማችነትም ማዕረግ ተሰጣቸው። በዚያን ጊዜ በደቡብና በምዕራብ ስንቱ አገር ከማዕከል በተላከ ሹም ሲገዛ፣ ሌቃ ነቀምት እንደ ጆቴ ቱሉ ሌቃ ቄለምና እንደ አባ ጅፋር ጅማ በገዛ ባላባቱ እጅ ቈየ። የዚህም ዋጋ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነበር። ኩምሳ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ስምምነት ገዙ፤ በላይ ወርቅ የሚጠብቅ ቤተ መንግሥት፣ በታች ወርቁን የሚያወጣ ገበሬ፣ እሳቸው መካከል።

ወርቁ እንዴት ይወጣ እንደ ነበር ማሰብ ይገባናል። ሰውየው በወንዝ ዳር ጕድጓድ ይቈፍራል፤ ጠጠሩን ተሸክሞ ወደ ውሃ ያወርዳል፤ ጕልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጠጠርና አሸዋውን በእንጨት ገበታ ያሽከረክራል። ቀላሉ አሸዋ በከንፈሩ ላይ እየፈሰሰ ይሄዳል፤ ከባዱ ከታች ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ደክሞ የሚያገኘው ጥቂት ብልጭታ ነው። አንድ ወቄት ማለት ከ28 ግራም የማይበልጥ ነገር ነው፤ ግን ስንት ገበታ እንደሚያስፈልገው እንገምት። ደጃዝማቹ ብልህ ነበሩ እንላለን፤ እውነት ነው። ብልሃታቸው ግን የሌላ ሰው ወገብ ላይ የቆመ ነበር። ይህን ማለት ስማቸውን ማቃለል አይመስለኝም።

ሌላም ሥራ አላቸው። በ1896 ዓ.ም. የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ኦኔሲሞስ ነሲብን በነቀምት በክብር ተቀበሉ። ኋላ ካህናቱ ኦኔሲሞስን ከሰው ነገሩ ወደ አዲስ አበባ ቢደርስም፣ ሰውየው ወደ ነቀምት ተመልሶ ዕድሜውን በዚያው ጨረሰ።

ኩምሳ በ1915 ዓ.ም. ገደማ አረፉ፤ ልጃቸው ሀብተ ማርያም ወረሱ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ በዩብዶ የፕላቲን ማዕድን በኩባንያ መቈፈር ተዠመረ፤ የዱሮው ገበታና የአዲሱ ዘመን መሣሪያ በአንድ አውራጃ ጎን ለጎን ቈዩ።

ግቢው ግን እንደ ባለቤቱ ዕድለኛ አልሆነም። በደርግ ዘመን ቤተሰቡ ታሰረ፤ ቤቱ ባዶውን ቀርቶ ዝናብና ምስጥ ተጫወቱበት። ኋላ እድሳት ተደርጎለት ለጎብኚ ተከፈተ። የእንጨት ቤት እድሳት ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ በየክረምቱ ይጠየቃል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ የተነሣው ግጭት መንገዱን ሲያስፈራ፣ ጎብኚ ከሌለ የመግቢያ ገንዘብ የለም፤ ገንዘብ ከሌለ ጣራ ጠጋኝ የለም።

ከቤቱ ይልቅ የተሻለ ዕድል የገጠመው ወረቀቱ ነው። ለባላባቱ የተጻፉት ደብዳቤዎችና የግብር መዝገቦች በአሌሳንድሮ ትሪዩልዚና በተሰማ ታአ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትመዋል። ስለ ግብሩ ማንም ተማሪ ሊያነባቸው ይችላል።

በዚያው ከተማ የወለጋ ሙዚየም አለ፤ በሰኔ 1928 ዓ.ም. በቦናያ ከተቃጠሉት የኢጣልያ አውሮፕላኖች የተረፈ ስብርባሪ በዚያ ይታያል። ብረት ስለ ሆነ ቈየ። የወርቅ አጣቢው ገበታ ግን እንጨት ነው፤ ሲሰበር ለምድጃ ይውላል። ከነጆ፣ ከጊምቢና ከደምቢ ዶሎ የመጣችሁ ጓደኞቻችን፣ በመጪው ዕረፍት አገር ስትገቡ በአያቶቻችሁ ቤት ጓዳ የቀረ ገበታ ካለ ጠይቁ፤ የየትኛው ወንዝ እንደ ነበረና ማን ይሠራበት እንደ ነበር ጽፋችሁ ያዙልን።