አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሉ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቆቦ በአገረ ገዥው ችሎት የተረታ ሰው፥ ይግባኝ ካለ፥ በዛሬው አውራ ጎዳና 570 ኪሎ ሜትር ያህል የሚኾነውን መንገድ ተጕዞ አዲስ አበባ መድረስ ነበረበት። በዚያ የሚጠብቁት ዳኛ አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሉ ነበሩ።

ማዕርጋቸው ሥራቸውን ይናገራል፤ የሚፈርዱት የንጉሡ አፍ ኾነው ነውና። ሕጉ ግን በግእዝ ነበረ። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ ተሰብስቦ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ፥ 51 አንቀጽ ያለው መጽሐፍ ነው። ባላገሩ አንብቦ ስለማይረዳው ሊቃውንቱ እየተረጐሙ ያሰሙት ነበር። ዳኞችም ቢኾኑ ከሕጉ በላይ አልነበሩም፤ 43ኛው አንቀጽ የተጻፈው ስለ እነርሱ ነው።

እኛን ይልቁን የሚያስደንቀን የችሎቱ ሥርዓት ነው። አስተያየት የሚሰጠው ከታናሹ ዠምሮ ነበር፤ ታላቁ ቀድሞ ቢናገርማ ማን ደፍሮ ይቃወመው ነበር? አፈ ንጉሡ የሚናገሩት ወደ መጨረሻው ነው፤ ማሰሪያው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነው። ነፍሰ ገዳይ በሚቆምበት ቀን ይህ ተራ ቀላል ነገር አልነበረም። ሕጉ ሞትን ይፈቅዳል፤ የሟች ዘመዶች ግን የደም ዋጋ ተቀብለው እንዲምሩ ይለመናሉ። እሺ እስኪሉ ድረስ የአንድ ሰው ነፍስ በአንደበታቸው ላይ ትቆያለች።

በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፥ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ኾኑ። የዳኞች ፍርድ በመዝገብ እንዲጻፍም ታዘዘ፤ ከሩቅ ለመጣው ባለጉዳይ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፥ በቃል የተነገረ ፍርድ በመንገድ ይለወጣልና። እርሳቸው ግን በዚህ ሹመት ብዙ ሳይቈዩ ዐረፉ።