የእመት አስቴር ጋኖ ሕይወት

ሕፃናቷን በቤት የምታሳድግ እናት ቀኑ ሲመሽባት ምን ሠራሁ ብላ ታዝናለች። ውኃው ተቀድቷል፥ እሳቱ ነድዷል፥ ያለቀሰው ልጅ ተባብሏል፤ ነገም ያው ነው። እንዲህ ያለችው እናት በነቀምቴ የኖሩትን የእመት አስቴር ጋኖን ታሪክ ትስማ።

እኒህ ሴት ገና ልጅ ሳሉ በባርነት ተወስደው ወደ ዓረብ አገር ሲጓዙ፥ በ1886 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቈጣጠር) የኢጣልያ መርከበኞች በቀይ ባሕር ላይ ነጻ አወጧቸው። በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከእናት አገራቸው ያመጡት ግን አንድ ነገር ነበረ፤ እርሱም በልጅነታቸው የሰሙት የኦሮሞ ተረት፥ ዘፈን፥ ምሳሌና እንቆቅልሽ ነው። ባሪያ ነጋዴ ይህን ከልብ አውጥቶ ሊሸጥ አይችልም። አምስት መቶ ያህሉን እያስታወሱ ጻፉት፤ ከፊሉም ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ በ1894 ታተመ። በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜም ብዙ ደከሙ።

መቼም ያን ሁሉ ቃል አስቀድሞ የሰጣቸው መምህር አይደለም፤ ልጅ አዝላ እህል የምትፈጭ፥ እያንጐራጐረች የምታስተኛ ሴት ናት ብዬ አምናለሁ። ስሟን የጻፈ የለም።

እመት አስቴር በ1904 ወደ ነቀምቴ መጡ። በዚያም የሰውን ልጆች እያስተማሩ ብዙ ዘመን ኖረው በ1964 ዐረፉ።