ሼህ ሙሐመድ አብዱህ፦ ዓረብኛን በማስተዋል ያስተማሩ መምህር

ሼህ ሙሐመድ አብዱህ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የግብፅ ሙፍቲ መሆናቸው ነው። የቋንቋ መምህርነታቸው ግን ብዙም አይነሳም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናየው ይህንኑ ጎናቸውን ነው።

አብዱህ እ.ኤ.አ. በ1849 ተወልደው በናይል ዴልታ በምትገኝ መሐለት ነስር በተባለች መንደር አደጉ። ቁርአንን በቃላቸው ከያዙ በኋላ ወደ ጠንጣ ከተማ፣ ወደ አሕመዲ መስጊድ ተላኩ። እዚያ የጠበቃቸው የዓረብኛ ሰዋስው ነበር። መምህራኑ የሙያ ቃላቱን ለጀማሪ ሳያብራሩ ትምህርቱን ዝም ብለው ያወርዱታል። አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ምንም አልገባቸውም። ለትምህርት አልተፈጠርኩም ብለው ደመደሙና ወደ መንደራቸው ተመለሱ፤ ሚስት አግብተው እንደ ዘመዶቻቸው ሊያርሱ ቆረጡ።

አባታቸው በግድ ወደ ጠንጣ ሲመልሷቸው ከመንገድ ጠፍተው ዘመድ ቤት ተጠጉ። እዚያ ያገኟቸው የአባታቸው አጎት ሼህ ደርዊሽ ኸድር አንድ መጽሐፍ እንዲያነቡላቸው ለመኗቸው። አብዱህ መጽሐፉን ወረወሩት። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም፤ ጥቂት መስመር እያስነበቡ ትርጉሙን በቀላል አነጋገር ያስረዷቸው ጀመር። ቀናት እንኳ ሳይቆጠሩ አብዱህ ራሳቸው ማንበብ፣ ያልገባቸውን ቦታ ምልክት ማድረግና መጠየቅ ያዙ። ወደ ጠንጣ ሲመለሱ ያ የከበዳቸው ትምህርት ገባቸው፤ ጓደኞቻቸውም እንዲያስረዷቸው ይከቧቸው ነበር። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ የተለወጠው አነባበቡ ነው።

በ1866 አል-አዝሃር ገቡ። በ1878 በዳር አል-ዑሉም መምህር ሲሆኑ የኢብን ኸልዱንን ሙቀዲማ አስተማሩ። ከኡራቢ አመፅ በኋላ ተሰደው ቤይሩት ሲያስተምሩም የጥንት የዓረብኛ ድርሰቶችን አስቸጋሪ ቃላት እየፈቱ ለተማሪ አሳተሙ። በ1888 ተመልሰው፣ በ1899 ሙፍቲ ከሆኑም በኋላ ማስተማሩን አልተዉም። በአል-አዝሃር የአብዱልቃሂር አል-ጁርጃኒን የስነ-ልሳን መጻሕፍት ሲያስተምሩ ትኩረታቸው የቃላት አሰካክ ትርጉምን እንዴት እንደሚፈጥር ማሳየት ነበር። ተማሪው ሕጉን ከመሸምደድ ይልቅ ዓረፍተ ነገሩ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ እንዲጠይቅ ይፈልጉ ነበር።

የአል-አዝሃር ማሻሻያቸው ግን ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። በ1905 ከአስተዳደር ምክር ቤቱ ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት እስክንድርያ ላይ አረፉ።

እንግዲህ ነገ መምህር ለምንሆን ተማሪዎች ከዚህ ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አልገባኝም የሚል ተማሪ ሲያጋጥመን ሰነፍ ነው ከማለታችን በፊት፣ አብረነው ጥቂት መስመር በእርጋታ እናንብብ።