የኒውትሮን ኮከብን አስቀድመው የተነበዩት ፕሮፌሰር ፍሪትዝ ዝዊኪ

ፕሮፌሰር ፍሪትዝ ዝዊኪ እ.ኤ.አ. በ1898 ቫርና በምትባለው የቡልጋሪያ የወደብ ከተማ ከስዊዘርላንዳዊ አባት ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ንግድ ይማሩ ዘንድ በስዊዘርላንድ ግላሩስ ወደሚኖሩት አያቶቻቸው ቢላኩም፣ ልባቸው ያዘነበለው ወደ ሒሳብና ፊዚክስ ነበር። በ1922 ዙሪክ ላይ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀብለው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተሻገሩ። ኑሯቸው በዚያው ቢጸናም የስዊዘርላንድ ዜግነታቸውን አልለወጡም።

ኒውትሮን የተባለችው ቅንጣት በ1932 ከተገኘች ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ዝዊኪና ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዋልተር ባደ ደፋር ሐሳብ አቀረቡ። እጅግ ኃያል የሆኑትን የከዋክብት ፍንዳታዎች ሱፐርኖቫ ብለው ለይተው፣ ፍንዳታው የሚከሰተው ኮከብ ተደርምሶ ወደ ኒውትሮን ኮከብነት ሲለወጥ ነው አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ነገር አለ። በዚህ ሂደት የሚፈነዳው ግዙፉ ኮከብ ሲሆን፣ የኒውትሮን ኮከብ የፍንዳታው ትራፊ ነው። የግዙፉ ኮከብ እምብርት ወደ ብረትነት ሲለወጥ ኃይል የሚሰጥ ነዳጅ ያልቅበታል። ክብደቱን የሚሸከምለት ሲያጣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ውስጥ ይደረመሳል፤ ኤሌክትሮኖችና ፕሮቶኖችም ተጨፍልቀው ኒውትሮን ይሆናሉ። እምብርቱ ከዚህ በላይ አልጨመቅ ሲል በላዩ የሚወርደው ቁስ ይነጥራል፤ ከውስጥ የሚጎርፉት ኒውትሪኖዎች ግፊት ጨምረው የላይኛውን አካል ወደ ኅዋ ይበትኑታል። የሚቀረው ኳስ ከፀሐይ የከበደ ሆኖ ሳለ ስፋቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ዱከም ካለው መንገድ እንኳ ያንሳል።

ሐሳቡ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ብዙ ሰሚ አላገኘም። የሊቁ ጠባይም አልረዳቸውም፤ ባልደረቦቻቸውን በግልጽ ይዘልፉ ስለነበር ባደ ሳይቀሩ ኋላ ተቀያይመዋቸዋል። ያም ሆኖ ከ1936 ጀምሮ በፓሎማር ተራራ በተተከለው ቴሌስኮፕ ሰማዩን ሌሊት ከሌሊት ፎቶ ግራፍ እያነሡ፣ በሕይወት ዘመናቸው ከአንድ መቶ በላይ ሱፐርኖቫዎችን አገኙ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ለወደሙ የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት አሰባስበው ይልኩ ነበር።

በ1967 ጆስሊን ቤል የተባሉ ወጣት ተመራማሪ በየሰከንዱ ገደማ የሚደጋገም የሬዲዮ ምልክት አገኙ። በቀጣዩ ዓመት ተመሳሳይ ምልክት ከክራብ ኔቡላ ተገኘ፤ ምንጩም በፍጥነት የሚሽከረከር የኒውትሮን ኮከብ መሆኑ ታወቀ። ኔቡላው አበው ሠውር በሚሉት የከዋክብት ስብስብ ቀንድ አጠገብ ይገኛል። ፍንዳታውን ቻይናውያን በ1054 በቀን ብርሃን ጭምር አይተው መዝግበውታል፤ ወሩ ሐምሌ ገደማ በመሆኑ በእኛ አገር ደመናው ሳይጋርደው አልቀረም። ዛሬ ግን በጥር ምሽቶች ሰማዩ ሲጠራ ኔቡላውን በአነስተኛ ቴሌስኮፕ ማየት ይቻላል። በአዲስ አበባና በሱሉልታ መካከል በሚገኘው እንጦጦም፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለዋል።

ትንቢታቸው ሲረጋገጥ ዝዊኪ ሰባ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በ1974 በካሊፎርኒያ አረፉ። በዚያው ዓመት ለእነዚህ ከዋክብት መገኘት የተሰጠው የኖቤል ሽልማት የቤል አማካሪ ለነበሩት ለአንቶኒ ሂዊሽ ደረሰ።